ክላሲካል ሥልጣኔን ከዘመናዊ ቋንቋ ጋር መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጥንቱን የግሪክና የሮም ዓለም ከአንድ ዘመናዊ ቋንቋ ጋር አጣምረው ዩኒቨርሲቲ ለመማር የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክላሲካል ሥልጣኔ የሚባለው ትምህርት በትክክል ምንድን ነው?

የጥንታዊት ግሪክና የሮም ዓለም ጥናት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሆሜር ዘመን፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ተነስቶ የምዕራቡ የሮም መንግሥት እስከወደቀበት እስከ 476 ይዘልቃል። አንዳንድ ትምህርት ክፍሎች ወደ ኋላ ሄደው ከቀርጤስና ከማይሴኔ ቤተ መንግሥቶች ይጀምራሉ። ሌሎች ደግሞ ወደ ፊት ገፍተው ቢዛንታይንን ይጨምራሉ።

ደስ የሚለው ነገር አንድ ዓይነት ትምህርት ብቻ አለመሆኑ ነው። ጠዋት የአቴና ሕዝባዊ ጉባኤ እንዴት ድምፅ ይሰጥ እንደነበር ትማራላችሁ። ከሰዓት በአንድ ማሰሮ ላይ የተሣለውን ሥዕል ትመረምራላችሁ። በማግስቱ ስለ ባርነት ወይም ስለ ፕላቶ ታነባላችሁ። ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጥበብና አርኪዮሎጂ አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ።

"ክላሲክስ" ከሚባለው በምን ይለያል?

በቋንቋው። ክላሲክስ የሚማር ሰው ሆሜርን በጥንታዊ ግሪክኛ፣ ቨርጂልን በላቲን ያነባል፤ የዲግሪው ትልቁ ሥራም ይኸው ነው። ክላሲካል ሥልጣኔ የሚማር ሰው ግን እነዚያኑ መጻሕፍት በትርጉም ያነባል። በሚተርፈው ጊዜ ብዙ መጻሕፍትና ብዙ ዘመን ይሸፍናል።

የትምህርቱ ስም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ስለዚህ በስሙ አትወስኑ። የኮርስ ዝርዝሩን ክፈቱና ግሪክኛ ወይም ላቲን ግዴታ ነው ወይስ ምርጫ የሚለውን እዩ።

ግሪክኛም ላቲንም አላውቅም። መግባት እችላለሁ?

አዎ። ይህ ትምህርት በአብዛኛው የተዘጋጀው እነዚህን ቋንቋዎች ሁለተኛ ደረጃ ላይ ለመማር ዕድሉን ላላገኙ ሰዎች ጭምር ነው። ብዙ ቦታ ከፈለጋችሁ ዩኒቨርሲቲ ከገባችሁ በኋላ ከፊደል መጀመር ትችላላችሁ። እኔ ከሁለቱ አንዱን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ውሰዱ እላለሁ። ምክንያቱን ከታች፣ ስለ ማስተርስ በሚያወራው ጥያቄ ላይ ታገኙታላችሁ።

ትምህርቱ ስለ ግሪክና ስለ ሮም ብቻ ነው እንዴ?

ማዕከሉ እነሱ ናቸው፤ ግን ብቻቸውን የኖሩበት ጊዜ የለም። ፋርስ፣ ግብፅ፣ ካርቴጅ፣ ይሁዳ ሁሉም በትምህርቱ ውስጥ ይመጣሉ። አክሱምም አለች። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ የአዱሊስን ወደብ ይገልጻል፤ በዚያ አካባቢ የሚገዛው ዞስካሌስ የተባለው ንጉሥም የግሪክ ፊደል የተማረ መሆኑን ይነግረናል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ንጉሥ ኢዛና ድሉን በድንጋይ ሲያስቀርጽ በግዕዝ ብቻ ሳይሆን በግሪክኛም አስጽፎታል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የጥንቱ ዓለም ሰው ራሱ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ይኖር ነበር። የቋንቋ ተማሪ ወደዚያ ዓለም ሲገባ እንግዳ አይደለም።

ከቋንቋ ጋር ሲጣመር ጊዜው እንዴት ይከፋፈላል?

በብዙ ቦታ እኩል በእኩል ነው። በቋንቋው በኩል በየሳምንቱ የሰዋስው፣ የንግግርና የትርጉም ክፍለ ጊዜ አለ። ከዚያ በላይ የዚያ አገር ሥነ ጽሑፍ፣ ፊልም ወይም ታሪክ ይጨመራል። በጥንቱ ዓለም በኩል ደግሞ ሌክቸር፣ ብዙ ንባብና ረጃጅም ድርሰት ይጠብቃችኋል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ዋና፣ ሌላውን ንዑስ አድርጎ ያስመዘግባል። በብሪታንያ እንዲህ ያለ ዲግሪ በአብዛኛው አራት ዓመት ይፈጃል፤ አንዱ ዓመት ቋንቋው በሚነገርበት አገር ያልፋል።

የትኛውን ቋንቋ ልምረጥ?

በጣም የሚጠየቀው ይኸው ነው። መልሱ የሚወሰነው ከጥንቱ ዓለም የቱ እንደሚስባችሁ ነው።

ጣሊያንኛ ለሮም ወዳጅ ቅርብ ነው። የፖምፔይ ቁፋሮ ዘገባዎች፣ የሙዚየም መዛግብት፣ በየመንደሩ የሚታተሙ የአርኪዮሎጂ ጽሑፎች በጣሊያንኛ ናቸው፤ አብዛኞቹም አይተረጎሙም። ጀርመንኛ ደግሞ የትምህርቱ የራሱ ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል። የጥንቱን ዓለም በሙሉ እንደ አንድ ሳይንስ የማጥናት ሐሳብ መልክ የያዘው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የላቲን የድንጋይ ጽሑፎችን ሁሉ የሚሰበስበው ግዙፍ ሥራ በ1853 በርሊን ላይ ተጀምሮ እስካሁን ይቀጥላል። መሥራቹ ቴዎዶር ሞምዘን በ1902 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል የተሸለመ የታሪክ ጸሐፊ ነው። ፈረንሳይኛም ከዚህ አያንስም፤ ፈረንሳይ በአቴና የአርኪዮሎጂ ትምህርት ቤቷን የከፈተችው በ1846 ነው። በግሪክ አፈ ታሪክና ሃይማኖት ላይ የተጻፉ ትልልቅ ጥናቶችም በዚሁ ቋንቋ አሉ።

ስፔን የሮም ግዛት ስለነበረች ስፓኒሽን የሚመርጥ ሰው የሮምን ዓለም ከዋና ከተማዋ ርቆ፣ ከክፍለ ሀገር ያየዋል። ዘመናዊ ግሪክኛ የሚሰጥበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ካገኛችሁት ግን ትልቅ ዕድል ነው። ከጥንቱ ጋር በድምፅም በሰዋስውም ልዩነት አለው፤ ሆኖም ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ በጽሑፍ የሚታወቅ አንድ ቋንቋ መሆኑን በየገጹ ታዩታላችሁ።

ሰዎች የሚረሱት አረብኛን ነው። ከ8ኛው እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበሩ ተርጓሚዎች የግሪክን ሕክምና፣ ሒሳብና ፍልስፍና ወደ አረብኛ መልሰዋል። ከእነሱ አንዱ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ የጥንቱን ግሪካዊ ሐኪም የጋሌንን የሕክምና መጻሕፍት አንድ በአንድ እያሳደደ፣ የብራና ቅጂዎችን እያመሳከረ ይተረጉም ነበር። ዛሬ ግሪክኛው ጠፍቶ አረብኛው ብቻ የቀረ የጋሌን ሥራ አለ። የግሪካዊው የሒሳብ ሊቅ የአፖሎኒየስ የጂኦሜትሪ መጽሐፍም እንዲሁ ነው፤ ከስምንቱ ክፍሎች ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ያሉትን የምናነበው በአረብኛ ብቻ ነው። አረብኛና ክላሲካል ሥልጣኔ አብረው የሚሰጡበት ቦታ ካገኛችሁ ሳታመነቱ ያዙት።

ቋንቋውን ከዜሮ መጀመር ይቻላል?

በብዙ ዩኒቨርሲቲ ይቻላል። ግን ፍጥነቱ ቀልድ አይደለም። ከዜሮ የጀመረ ተማሪ በሁለት ዓመት ውስጥ ልብ ወለድ እንዲያነብ ይጠበቃል። ከጀማሪ ጣሊያንኛ ጋር ጀማሪ ላቲን በአንድ ሴሚስተር መጨመር ደግሞ ለብዙ ሰው ይከብዳል። አንዱን በመጀመሪያው ዓመት፣ ሌላውን በሁለተኛው ብትጀምሩ ይሻላል።

ላቲን መማር ጣሊያንኛን፣ ፈረንሳይኛን ወይም ስፓኒሽን ያቀላል?

ቃላት ለመገመት በጣም ይረዳል። ለመናገር ያን ያህል አይረዳም። የላቲን ስም እንደ አገባቡ መጨረሻው ይለዋወጣል፤ እነዚህ ልጆቹ ግን ያንን ጥለውታል። የዓረፍተ ነገሩ አቀማመጥም ተለውጧል።

ትልቁ ጥቅም ለውጡን በዓይን ማየት ነው። ስሙ ያልታወቀ አንድ የላቲን መምህር ትቶልን የሄደ የስህተት ዝርዝር አለ። ሰዎች እየተሳሳቱ የሚጽፏቸውን ቃላት ከትክክለኛው ጎን ያስቀምጣል፦ "ስፔኩሉም እንጂ ስፔክሉም አይባልም፤ አውሪስ እንጂ ኦሪክላ አይባልም።" የመጀመሪያው መስታወት ነው፣ ሁለተኛው ጆሮ። መምህሩ ስህተት ያለው ነው ያሸነፈው። ጣሊያናዊው ዛሬ መስታወትን ስፔኪዮ፣ ጆሮን ኦሬኪዮ ይላል፤ ስፔናዊው ጆሮን ኦሬኻ፣ ፈረንሳዊው ኦሬይ ይለዋል። በፖምፔይ ግድግዳዎች ላይ፣ ከተማዋ በ79 ከመቀበሯ በፊት የተጫሩት ጽሑፎችም የተራውን ሰው አነጋገር ያሳያሉ። ሁለቱን ትምህርት አንድ ላይ የያዘ ተማሪ ይህን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተለዋል፤ ለብቻው ላቲን ወይም ለብቻው ጣሊያንኛ የሚማር ሰው ግማሹን ብቻ ያገኛል።

ሁለት ትምህርት አንድ ላይ ሥራው አይበዛም?

ሰዓቱ ከሌላው ተማሪ ብዙም አይበልጥም። የሚከብደው የሥራው ዓይነት መለያየቱ ነው። ቋንቋ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይፈልጋል፤ ሦስት ቀን ከተውት ይሸሻል። የጥንቱ ዓለም ደግሞ ረጅም ቁጭ ብሎ ማንበብን ይፈልጋል። ስለዚህ የቋንቋውን ልምምድ ጠዋት ጠዋት አስቀምጡት፣ ለንባቡ ደግሞ ሙሉ ከሰዓት መድቡለት።

ሌላው ጣጣ አስተዳደራዊ ነው። ሁለት ትምህርት ክፍሎች ሁልጊዜ አይነጋገሩም። የክፍለ ጊዜ መጋጨት አለ፤ ሁለት ድርሰት በአንድ ቀን የሚፈለግበት ሳምንትም አለ። ሴሚስተሩ ሲጀምር የሁለቱንም የማስረከቢያ ቀን አንድ ካላንደር ላይ ጻፉት። ግጭት ካያችሁ ያኔውኑ አሳውቁ። በመጀመሪያው ሳምንት የተጠየቀ የቀን ለውጥ ይሰማል፤ የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ግን ጆሮ የሚሰጠው የለም።

ሁለቱ ትምህርቶች በይዘት ይገናኛሉ ወይስ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት?

ዝም ካላችኋቸው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ዲግሪውን በእውነት የሚያበለጽገው ግን የሚገናኙበትን ቦታ ቀድሞ ፈልጎ ኮርሶችን በዚያ ዙሪያ መምረጥ ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን እላለሁ።

አንቲጎኔን እንውሰድ። ሶፎክለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 አካባቢ አቴና ላይ ያቀረበው ተውኔት ነው። ንጉሥ ክሪዮን ከሃዲ የተባለው ወንድሟ እንዳይቀበር ያዛል፤ አንቲጎኔ ትእዛዙን ጥሳ አፈር ታለብሰዋለች። በየካቲት 1944 ፓሪስ በጀርመን ጦር እጅ ሳለች ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ዣን አኑይ ይህንኑ ታሪክ በፈረንሳይኛ መድረክ ላይ አወጣው። የጀርመን ሳንሱር አሳለፈው። ከተመልካቹ አንዳንዱ በአንቲጎኔ ውስጥ የአርበኞቹን እምቢታ አየ። ሌላው ደግሞ ክሪዮን ብዙ አሳማኝ ነገር መናገሩ አሳሰበው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት በርቶልት ብሬክት በስዊዘርላንዷ ኩር ከተማ የራሱን የጀርመንኛ አንቲጎኔ አሳየ። መነሻው ጀርመናዊው ገጣሚ ሆልደርሊን በ1804 ያሳተመው ትርጉም ነበር። ከፊቱ ግን በ1945 በርሊን ላይ የሚካሄድ አዲስ መግቢያ ጨመረ፦ ሁለት እኅትማማቾች ከጦሩ የከዳ ወንድማቸው ውጭ ተሰቅሎ ያገኙታል።

ፈረንሳይኛ የምታጠና ተማሪ አኑይን ትይዛለች፣ ጀርመንኛ የሚያጠና ብሬክትን። ሁለቱም ወደ ሶፎክለስ ተመልሰው "ምን ተጨመረ? ምን ተቀነሰ? ክሪዮን የበለጠ አሳማኝ የሆነው የቱ ጋ ነው?" ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ጣሊያንኛ የሚያጠኑት ደግሞ የመካከለኛው ዘመን ጣሊያናዊ ገጣሚ ዳንቴ አላቸው። ዳንቴ ግሪክኛ አያነብም ነበር፤ ሆሜርን በዝና ነው የሚያውቀው። በሆሜር ግጥም ከጦርነት ወደ ቤቱ የሚመለሰው ጀግና ኦዲሲዩስ በዳንቴ ዘንድ ስለዚህ አይመለስም፤ የሄርኩለስን ዓምዶች አልፎ ወደማይታወቅ ባሕር ቀዝፎ ይሰጥማል። በቋንቋ አለማወቅ የተነሳ አንድ ጀግና ሌላ ዕጣ አገኘ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የድርሰት ርዕስ የለም።

ውጭ አገር የማሳልፈውን ዓመት የት ላሳልፍ?

ብዙ ሰው ዋና ከተማ ይመርጣል። እኔ መካከለኛ ከተማ እመክራለሁ። በዚያ እንግሊዝኛ የሚናገራችሁ ሰው ትንሽ ነው፤ ቋንቋው ቶሎ ይገባችኋል። የሮም ቅርስ ደግሞ ከዋና ከተሞች ውጭም ሞልቷል።

በስፔን ሜሪዳ አለች። ቴአትር ቤቷ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ16–15 በሮማዊው የጦር አዛዥ በአግሪፓ ስም የተሠራ ነው። ከ1933 ጀምሮ በበጋ ወራት የጥንት ተውኔቶች በስፓኒሽ የሚታዩበት ፌስቲቫል አለው፤ የድንጋይ ደረጃው ላይ ተቀምጣችሁ ሁለቱንም ትምህርታችሁን በአንድ ምሽት ታያላችሁ። በሲሲሊ ሲራኩዛም በጥንቱ የግሪክ ቴአትር ከ1914 ወዲህ የግሪክ ትራጄዲዎች በጣሊያንኛ ይቀርባሉ። ጀርመንኛ ለሚያጠና ትሪር፣ ፈረንሳይኛ ለሚያጠና ኒም ጥሩ ነው። ኔፕልስ ትልቅ ከተማ ናት፤ ግን የፖምፔይ ሞዛይኮችና ሥዕሎች የተቀመጡበት ሙዚየም እዚያው ስለሆነ እሷን ለብቻዋ ለይቼ እመክራለሁ።

የጥንቱን መጽሐፍ በትርጉም እያነበብኩ "አጠናሁት" ማለት እችላለሁ?

ስለ ታሪክ፣ ስለ ሐሳብና ስለ ታሪኩ አወቃቀር ከሆነ አዎ። ስለ ግጥሙ ድምፅና ስለ ቃላት ምርጫ ከሆነ ግን በተርጓሚው ጆሮ ነው የምትሰሙት። የቋንቋ ተማሪ እዚህ ላይ ብልጫ አለው፤ ተርጓሚ የት ላይ እንደሚቸገር ከራሱ ሥራ ያውቃል። አንድ ክፍል ስታጠኑ ቢያንስ ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን አንብቡ፤ አንዱ በምትማሩት ቋንቋ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። በግራ ገጽ ዋናውን፣ በቀኝ ገጽ ትርጉሙን የሚያትሙት የሎብ መጻሕፍትም አሉ፤ ግሪኩ አረንጓዴ፣ ላቲኑ ቀይ ሽፋን አለው።

ማሽን ሁሉን እየተረጎመ ይህን ሁሉ መልፋት ምን ያደርጋል?

ማሽኑ የዓረፍተ ነገሩን ይዘት ይሰጣል፣ አንዳንዴም በደንብ። ትክክል ይሁን አይሁን የሚፈርደው ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው። ግማሹ በተሰበረ ድንጋይ ላይ ያለ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው መተርጎም ሳይሆን የጎደለውን ፊደል መገመት ነው። በዚህም ላይ ማሽን ሐሳብ እያቀረበ ያግዛል። መወሰን ግን የባለሙያው ነው።

ተመርቄ ምን እሠራለሁ?

ሀቁን ልንገራችሁ፦ ስሙ ራሱ ሥራ የሚያስይዝ ዲግሪ አይደለም። የተመረቁ ሰዎች በማስተማር፣ በትርጉም፣ በአሳታሚ ድርጅት፣ በሙዚየም፣ በጋዜጠኝነት፣ በዲፕሎማሲና በመንግሥት ሥራ ይገኛሉ። ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ጠበቃ የሚሆኑም አሉ። ቀጣሪ ፊት ጎልቶ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋው ነው። ስለዚህ ቋንቋውን "እችላለሁ" ብላችሁ አትተዉት። የታወቀ የደረጃ ፈተና ወስዳችሁ ሲ1 (በአውሮፓ የቋንቋ ደረጃ ከላይ ሁለተኛው እርከን) መድረሳችሁን የሚያሳይ ወረቀት ያዙ።

በዚህ ዲግሪ ማስተርስና ፒኤችዲ መቀጠል እችላለሁ?

ማስተርስ፣ አዎ፤ በተለይ በጥንት ታሪክ፣ በአርኪዮሎጂ ወይም የጥንቱ ሥነ ጽሑፍ በኋለኞቹ ዘመናት እንዴት እንደተነበበ በሚያጠናው ዘርፍ። ፒኤችዲ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይጠብቃል። በክላሲክስ ፒኤችዲ ለመሥራት ግሪክኛና ላቲን በዋናው ማንበብ የግድ ነው ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በዚያ ላይ ጀርመንኛ፣ እንዲሁም ፈረንሳይኛ ወይም ጣሊያንኛ ማንበብ መቻልን ይፈትናሉ። እናንተ እዚህ ጋ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል። ሌሎች በፒኤችዲ መሀል እየተጣደፉ የሚማሩት ጀርመንኛ በእጃችሁ ነው። የሚጎድላችሁ ጥንታዊው ቋንቋ ነው፤ በመጀመሪያው ዲግሪ አንዱን ጀምሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ያመለጠው ሰው ደግሞ በክረምት የሚሰጡ የተጠናከሩ ኮርሶች አሉለት፤ በአየርላንድ ኮርክ የሚሰጠው ስምንት ሳምንት ይፈጃል።

መሀል ላይ አንዱን ብጠላውስ?

ያጋጥማል። በብዙ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ወደ አንዱ ብቻ መዞር ይቻላል፤ ከውጭ አገሩ ዓመት በኋላ ግን ይከብዳል። ከመዞራችሁ በፊት የጠላችሁት ትምህርቱን ይሁን ወይስ አንድን ኮርስ ለዩ። ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ዓመት የሚያስመርረው የሰዋስው ክፍለ ጊዜው ነው፤ እሱ ደግሞ ያልፋል። ትምህርቱን ራሱን ከሆነ የጠላችሁት አማካሪያችሁን በጊዜ አነጋግሩ። የወሰዳችኋቸው ክሬዲቶች የትኞቹ እንደሚያዙላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። የቋንቋውን ክፍል ካቋረጣችሁ ውጭ አገር የምትሄዱበት ዓመትም አብሮ ሊቀር ስለሚችል እሱንም ቀድማችሁ ጠይቁ።